ተማሪዋ አንድ ናት፣ ወረቀቶቿ ግን ሦስት ሰው ናቸው

ለከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሪከርድ ክፍል ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣
እንዲሁም የትምህርት ማስረጃ ለሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የስምና የልደት ቀን ልዩነትን የሚያስረዳ ደብዳቤ መከልከሉን ይመለከታል

የተከበራችሁ፣

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መስኮታችሁ ላይ አንዲት ማስታወቂያ ተለጥፋ አየሁ። ከእንግዲህ ተምረው ለወጡ ልጆች የስምም ሆነ የልደት ቀን ማስተካከያ አይደረግም ትላለች። ልዩነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤም አይጻፍም። ምክንያቱ በአንድ መስመር ሰፍሯል፤ ፎርጅድ ማስረጃ ስለበዛ ነው። ማስታወቂያዋ ማህተም አላት፣ ቲተር አላት፣ ፊርማ አላት። ቀን ግን የላትም።

እኔ የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ከክፍል መልስ ማንም ያልሾመኝ ሌላ ሥራ አለኝ። ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ከሚያመለክቱ ልጆች ጋር ቁጭ ብዬ ፎርማቸውን አነባለሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ሌሊት ስልክ አነሳለሁ። ዘንድሮ የሚደወልልኝ ስለ ድርሰት አይደለም። ስለ ውጤትም አይደለም። «ቲቸር፣ ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቴ ጋር አይገጥምም፣ ይሰርዙኝ ይሆን?» ነው።

የየትኛውንም መሥሪያ ቤት ስም አልጠራሁም። አንዱን ብጠራ ሌላው «እኛን አይመለከትም» ብሎ ይገላገላል። ሁላችሁንም ይመለከታል። እኔንም ጭምር፣ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

በስም ልጀምር። ዘንድሮ ፎርማቸውን ካየሁላቸው ልጆች አንዷን ቅድስት እንበላት። የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቷ ላይ ስሟ በ«ኬ» ይጀምራል። ትራንስክሪፕቷ ላይ በ«ኪው» ይጀምራል። ፓስፖርቷ ላይ ወደ «ኬ» ተመልሷል፤ መሐል ላይ የነበረው «አይ» ግን «ኢ» ሆኗል። የአባቷ ስም ኃይሉ ነው፤ አንዱ ወረቀት በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ጽፎታል። የአያቷ ስም ወልደ ጊዮርጊስ ነው። አንዱ ጋ ሁለት ቃል፣ ሌላው ጋ አንድ ቃል ነው። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ቦታ አልበቃም መሰል «ወልደ» ላይ ቆሟል። በአማርኛ ስሟ አራት ፊደል ናት። በአማርኛ ማንም ተሳስቶባት አያውቅም። በላቲን ፊደል ሲሆን ሁሉም ጸሐፊ እንደ ጆሮው ይጽፋል፤ ጆሮ ደግሞ እንደየሰዉ ነው።

እኛ ይህን ስናይ እንስቃለን፤ ያው ቅድስት ናት እንላለን። ሩቅ አገር ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ፋይል የሚከፍተው ሰው ግን ቅድስትን አያውቃትም። ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስትፈተን የተመዘገበችው በፓስፖርቷ ስም ነው። ተቀብለዋት ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 ፎርም ቢልኩላትም በፓስፖርቷ ስም ነው። ከእናንተ የሄደው ትራንስክሪፕት ግን የሌላ ልጅ ይመስላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ፎርሞቹ ሁሉ «የቤተሰብ ስም» ይላሉ። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በኑሮ የለም። በወረቀት ግን አለ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ይላል። ሕጉ ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን የቤተሰብ ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት የለኝም። ስለዚህ አንዱ ልጅ አባቱን፣ ሌላው አያቱን እዚያ ሳጥን ውስጥ ይጽፋል። ከዚያ የአባትየው ፎርም ላይ የተጻፈው «የቤተሰብ ስም» ከልጅየው ይለያል። የእናትየውም ይለያል፤ እኛ ጋ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። እንግዳ ሰው ሲያየው አባትም እናትም ልጅም የማይዛመዱ ሦስት ሰዎች ናቸው።

ወደ ልደት ቀን ልለፍ፤ ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። ይቺው ልጅ የተወለደችው ጥር 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 2006 ማለት ነው። ፓስፖርቷ ልክ ነው። ሪከርድ ክፍሉ የሰጣት ትራንስክሪፕት ላይ ግን 5/5/1998 ተብሎ ተጽፏል። ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ የጻፈው ሰው በራሱ አቆጣጠር አልተሳሳተም። ወረቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት የለበትም። ማንም ፈረንጅ ሲያነበው ሜይ 5 ቀን 1998 ነው የሚለው። 20 ዓመት ያልሞላት ልጅ ባንድ መስመር 27 ዓመት ሞላት። ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ስምንት ዓመት የት ነበርሽ?

ሌላው ልጅ ደግሞ ተቃራኒው ገጥሞታል። የእሱ ሪከርድ ክፍል ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሮለታል፤ ግን ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ፣ ወሩን በፈረንጅ ስም ጽፎ የቀኑን ቁጥር እንዳለ ተወው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው ሰባት እንጂ ስምንት እንዳልሆነ ማን ይንገረው? ልጁ የኅዳር ልጅ ነው። በአንድ ዓመት አነሰ፤ ቀኑም ዘጠኝ ቀን ተዛነፈ። ጳጉሜን የተወለዱትን አላነሳቸውም። ፎርሙ ላይ አስራ ሦስተኛ ወር የለም፤ አንዷ ተማሪዬ «እኔ አልተወለድኩም ማለት ነው?» ብላ ቀልዳለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆቹ የት ነበሩ? አብዛኞቹ ሲወለዱ ማንም አልመዘገባቸውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። የእኔ ተማሪዎች ያኔ አስር ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲገቡ የተጻፈው ቀን እናት ያስታወሰችው ነው። «የጥምቀት ሰሞን ነው» ብላ ተናግራለች፤ ጸሐፊው ጥር 11 ብሎ ጽፏል። የልደት ሰርተፍኬት የወጣው ከዓመታት በኋላ፣ ለፓስፖርት ሲፈለግ ነው። ያኔ ደግሞ አባት የራሱን አስታወሰ። ሁለቱም አልዋሹም።

ከሁሉ የከበደኝን ልናገር። አንድ ልጅ በሰባት ዓመቱ ከገጠር መጥቶ አጎቱ ቤት አደገ። አጎትየው ትምህርት ቤት ሲያስገባው በራሱ ስም አስመዘገበው። እንዲህ ማደግ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም፤ ይህን ከምታነቡት መካከልም እንዲህ ያደጋችሁ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ልጁ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአጎቱ ስም ተማረ። ፓስፖርት ሲያወጣ በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን የወላጅ አባቱን ስም ተጠቀመ። አሁን ትራንስክሪፕቱ በአንድ አባት፣ ፓስፖርቱ በሌላ አባት ነው። ሪከርድ ክፍሉ ሄዶ ለመነ። ማስታወቂያውን በጣት አሳዩት። «ፍርድ ቤት ሂድ» ተባለ። ፍርድ ቤት ሄደ፤ ቀጠሮ ተሰጠው፤ ቀጠሮው ከማመልከቻው ቀነ ገደብ በኋላ ነው። የልጁ ጥያቄ ስሜን ቀይሩልኝ አልነበረም። «በእናንተ መዝገብ በዚህ ስም የተማረው እኔ ነኝ፣ ፎቶዬም ይኸው» የሚል አንድ አንቀጽ ጻፉልኝ ነው ያለው። ያን ለመጻፍ ፍርድ ቤት አያስፈልግም። ፋይሉ ከጀርባችሁ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

ትንንሾቹን ባጭሩ ላንሳ። ደረጃ የሚባለው አንዱ ነው። የአንዷ ልጅ ካርድ ላይ «ከ58 ተማሪ 2ኛ» ይላል፤ ያ በሴክሽን ነው። የትምህርት ቤቱ ማረጋገጫ ላይ ደግሞ ከጠቅላላው 12ኛ ክፍል 9ኛ ትባላለች። ሁለቱም እውነት ነው። የትኛው የሴክሽን፣ የትኛው የክፍል ደረጃ እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። ልጅቷ ፎርሙ ላይ የትኛውን ብትጽፍ ሌላው ይከሳታል።

ዓመተ ምሕረት ደግሞ በክበብ ሳይቀር ይገባል። አንዷ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሊቀመንበር ነበረች። ትምህርት ቤቱ የሰጣት የምስክር ወረቀት «በ2016» ይላል፣ በእንግሊዝኛ። በፈረንጅ 2016 እኮ ልጅቷ የአስር ዓመት ልጅ ነበረች።

የቤተሰብ ገቢም አለ። ይኼን እንኳ እናንተ አላበላሻችሁትም፤ ግን ልጆቹ ስንት ነገር እንደተሸከሙ እንድታዩ ነው። የገንዘብ እርዳታ የሚጠይቅ ልጅ የአባቱን ደመወዝ በዶላር ይጽፋል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬው ሥርዓት ሲቀየር አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር። በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። ደመወዙ ያው 20 ሺህ ብር ነው። በመጀመሪያው ፎርም 350 ዶላር ገደማ ነበር፤ በሁለተኛው ከ170 በታች ሆነ። የልጁ አባት ባንድ ክረምት ደመወዙ በግማሽ ወረደ ቢባል ማን ያምናል? እኛ እናምናለን፤ ገበያ ወጥተን አይተነዋል።

አሁን ወደ ማስታወቂያችሁ ልመለስ። ፎርጅድ በዝቷል ነው የምትሉት። አልክድም፤ እኔም አይቻለሁ። ግን ክልከላችሁ ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ።

ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ልጁ የሚፈርምበት ቦታ አለ። የሰጠሁት ሁሉ እውነት ነው፣ ሐሰት ቢገኝ ቅበላዬ ሊሰረዝ ይችላል ብሎ ነው የሚፈርመው። አስራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሦስት ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ሦስቱ አይስማሙም። የትኛው ነው እውነቱ? እናንተ ጋ ይመጣል፤ ትመልሱታላችሁ። ከመስኮታችሁ ሲመለስ መንገዱን ተሻግሮ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለ። እዚያ ያለው ልጅ ኮምፒውተር ይችላል። ትራንስክሪፕቱን ስካን አድርጎ፣ «ኪው»ን አጥፍቶ «ኬ» ያስገባል። ቀኑንም ያስተካክላል። አስር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ሦስቱም ወረቀት ይስማማል።

ዘንድሮ አንድ ተማሪዬ ይህን አድርጎ መጣ። ደስ ብሎት አሳየኝ። ፎርጅድ መሥራቱን አላወቀም ነበር። ስህተት ያረመ መስሎት ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የነበረው የጸሐፊ ስህተት ነበር፤ ማንም አይከሰስበትም። ሁለተኛው ወረቀት ግን በእውነት ሐሰተኛ ማስረጃ ነው። እያለቀሰ ቀደደው። ሌሎች እኔ ያላየኋቸው ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ፎርጅድን ለመከላከል ያወጣችሁት ማስታወቂያ ንጹሕ ልጅ ወደ ፎርጅድ ይገፋል፤ ደንበኛው ፎርጅድ ሠሪ ደግሞ መጀመሪያውኑ መስኮታችሁ ጋ አይቆምም።

ውጭ አገር ላሉት ዩኒቨርሲቲዎችም እኮ የስም ልዩነት አይተውት የማያውቁት ነገር አይደለም። ኮመን አፕ የሚባለው፣ ለብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ባንዴ የሚያመለክቱበት ፎርም ሌላ ስም ካለሽ ጻፊ ይላል። የአሜሪካ ቪዛ ፎርምም ሌላ ስም ተጠቅመህ ታውቃለህ ብሎ ይጠይቃል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ከትምህርት ቤቱ የመጣ፣ ማህተም ያለበት፣ «ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው» የሚል ወረቀት። እሱ ሲጠፋ ልጁ ራሱ ማብራራት አለበት። ኮመን አፕ ላይ ለተጨማሪ መረጃ የተተወች ቦታ አለች፤ ዘንድሮ 300 ቃል ብቻ ነች። ቅድስት እዚያ ላይ ልትጽፍ ያሰበችው እናቷ ስትታመም ቤት እንዴት እንዳስተዳደረች ነበር። አሁን የጻፈችው ስለ «ኬ»ና «ኪው»፣ ስለ ጥርና ስለ ሜይ ነው። ስለ ራሷ የምታወራበትን ቦታ ስለ እናንተ መዝገብ ቤት አወራችበት።

የራሴን ጥፋት እመጣበታለሁ ብዬ ነበር። እኔም ሆምሩም ሆኜ ሮስተር ሞልቻለሁ። መስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስልሳ ልጅ ፊቴ ቆሞ ስሙን ይጠራል፤ በሰማሁት እጽፋለሁ። አንዴ መሐመድን ማህሙድ ብዬ ጽፌ ሦስት ዓመት አብሮት ዞሯል። ልጁ ነግሮኝ ነበር። «በኋላ እናስተካክላለን» አልኩት። ያ «በኋላ» እናንተ ጋ ደርሶ፣ እናንተ ደግሞ በማስታወቂያ ዘጋችሁት። ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ሰው እንደምትሠሩ፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ እንደምትጽፉ አይቻለሁ። ቢሆንም ብዕሩን የያዝነው እኛ ነን። ልጆቹ ስማቸውን ተናግረዋል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት ማስታወቂያዋን አንሱልን። ማስተካከያው ቢዘገይ እንኳ የማብራሪያ ደብዳቤው አይከልከል። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለሁሉም ትምህርት ቤት ይበትን፤ ልጁ በመዝገባችን በየትኛው ስምና ቀን እንዳለ፣ በፓስፖርቱ በየትኛው እንዳለ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ። ፎርጅድ ትፈራላችሁ፤ እሺ፣ በሮስተሩና በፎቶው አመሳክራችሁ ጻፉ፣ ቁጥር ስጡት፣ ቅጂውን ፋይል ውስጥ አስቀሩ። የሚጠይቃችሁ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር የምትመልሱለት ኢሜይል ይኑራችሁ፤ ኢሜይሉንም የሚከፍት ሰው ይመደብ። ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ ሰጥቶን የነበረው አድራሻ የለቀቀ ሠራተኛ የግል አድራሻ ነበር።

የልደት ቀን ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ አድርጉት። ደረጃ ስትጽፉ የሴክሽን ይሁን የክፍል ለዩት። ለአዲሶቹ ዘጠነኛ ክፍሎች ደግሞ ፓስፖርት ወይም ፋይዳ ያለው ልጅ ስሙ በእንግሊዝኛ እዚያ ላይ እንዳለው ይመዝገብ። የሌለውም ቢሆን ማህተም ከመመታቱ በፊት ወረቀቱን አንዴ ራሱ ያንብበው። ሁለት ደቂቃ ነው።

በአጎት፣ በአያት፣ በእንጀራ አባት ስም የተማሩትን ለብቻ እዩልኝ። ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው ስም ሲቀየር እንጂ ፋይል ውስጥ ያለው ሲነገር አይደለም።

ለብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመደበኛው ማመልከቻ መዝጊያ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23። ዛሬ 45 ቀን ቀርቶናል። ለዘንድሮዎቹ የሚደርስ መልስ እንድትሰጡን እንጠይቃለን። መልሱን የማስታወቂያዋ ቦታ ላይ ብትለጥፉትም ይበቃናል፤ ቀን ብቻ ይኑረው።

ከአክብሮት ጋር፣

የ12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር
የተማሪዎቹንና የወላጆቻቸውን ጥያቄ በመወከል

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
በፈረንጅ ኖቬምበር 17 ቀን 2025